የጥሩምባ ነፊዎቹ ንፍፊት

ያገባሁት በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ኅዳርንና ታኅሣሥን አንገቴ አብጦ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቶ አልጋ ላይ ነው ያሳለፍኩት። እጮኛዬም እንደዚሁ። እሱ እሪ በከንቱ ሰፈር በእናቱ ቤት ተኝቷል፣ እኔ አራዳ ከአባቴ ሱቅ ኋላ ተኝቻለሁ። ሁለታችን በአንድ በሽታ መያዛችን እኔን አላስደነቀኝም። ሰፈሩን ግን አስደነቀው፤ ከሰፈሩም ይልቅ እናቴን።

አባቴ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ገበያው ጠርዝ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። አቡጀዲ፣ ሻሽ፣ ከፋይ፣ ክርና መርፌ ይሸጣሉ። እኔ የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ገና አልተዳርኩም ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይህ ሰው የሚያዝንልሽ ዕድሜ ነው። ጥፋቱ የአባቴ ነበር። ከደንበኞች የለቃቀምኳት ትንሽ ፈረንሳይኛ ስለነበረችኝ፣ "እሷን ከዳርኩ ከግሪኩና ከአርመኑ ጋር ማን ይነጋገርልኛል?" እያሉ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ በትሕትና ይሸኙት ነበር። እኔም አልከፋኝም። ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ማየት፣ ከገዢው ጋር መቀላለድ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሱቃችን ኋላ ባለ ሰፊ ግቢ አንድ አርመን የሙዚቃ መምህር ይኖሩ ነበር። ሰው ሁሉ "ሙሴ" ይላቸዋል፤ ያን ጊዜ ፈረንጅ የተባለ ሁሉ ሙሴ ነበር። የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስበው ማርሽ ያስተምሯቸዋል፣ ለሠርግና ለበዓልም አሰልፈው ይወጣሉ። ወጣቱ ብዙ ነው፣ ጥሩምባው ግን ጥቂት። ስለዚህ አንዱ ነፍቶ ሲደክመው የጥሩምባውን አፍ በእጅጌው ጠረግ ያደርግና ለሚቀጥለው ያቀብላል። ጠረግ ማድረጉም ለይስሙላ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከበሮ መቺ ነበር። መጀመሪያ ጥሩምባ ሞክሮ ነበር፤ ሙሴ ግን ካዳመጡት በኋላ "ሳንባህ ጥሩ፣ ጆሮህ መጥፎ" ብለው ከበሮ አሸከሙት። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘውን ነገር ሁሉ ይመታል፤ ገበታውን፣ በርሜሉን፣ ባንኮኒውን። የልብ ጓደኛው ደግሞ ጥሩምባ ነፊ ነበር። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት፣ ከአባቱ የወረሰውን የወርቅ ሥራ የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ አንገቱ መለል ያለ። ሲነፋ ያ አንገት ይገተርና ጆሮዎቹ ይቀላሉ። እኔ ከሱቁ መስኮት ሆኜ አየውና ሳቄ ይመጣል። ሳቄን ሲያይ ዜማው ይጠፋዋል። ሙሴ ይቆጡታል። ይህ ለአንድ ዓመት ያህል ከቀጠለ በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ እናቱ ሽማግሌዎች ላኩ፤ አባቴም አሰቡ፣ አሰቡና እሺ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ከመታጨቴ በፊት ልጁ ቤታችን እየመጣ ከወንድሜ ጋር ምሳ ይበላ ነበር፤ እኔም ውሃ አስታጥበው ነበር። ከታጨሁ በኋላ ድምፁ ከደጅ ሲሰማ እናቴ "ግቢ ወደ ጓዳ" ትለኛለች። በየቀኑ ሰላም እለው የነበረውን ሰው፣ የእኔ ሊሆን ነው ሲባል ማየት ነውር ሆነ። ወንድሜ በመሃል እየተመላለሰ፣ "እሱ ሰላም ብሎሻል"፣ "እሷም ሰላም ብላሃለች" ይላል፤ እኔ ሳልለው እንኳ ያደርስ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቀን፣ አባቴ ቅዳሴ ሄደው፣ እናቴ ጓሮ እህል ታሰጣ ነበር። ሙሴ ለነፊዎቻቸው ልብስ ሊያሰፉ ስላሰቡ ጨርቁን እንዲያዩ ወንድሜንና ጓደኛውን ልከዋቸው ኖሯል። ድንገት ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። ጓዳ ልግባ ብል እኔ መሰላል ላይ ነኝ፤ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጣቃ አቡጀዲ እያወረድኩ ነበር።

"እትዬ፣ እንዳትወድቂ" አለ ወንድሜ። "አንተ፣ መሰላሉን ያዝላት እንጂ።"

ጓደኛው መጥቶ መሰላሉን ያዘ። ልክ በዚያን ጊዜ ደጅ ላይ ሁለት በቅሎዎች ተናከሱና ጫጫታ ሆነ፤ ወንድሜ ደግሞ ጫጫታ ሰምቶ ቤት የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም። ወጣ። እኔ ወደ ታች አየሁ፣ ልጁም ወደ ላይ አየ፣ ጣቃው ከእጄ አመለጠ። አቡጀዲው እየተተረተረ፣ እየተተረተረ ወርዶ እሱን ሸፈነው። ልገልጥለት ወረድኩ። ጫፉን እፈልጋለሁ፣ ጫፉ የለም። እሱም ከውስጥ ይፈልጋል፤ ጨርቁን ባነሳሁ ቁጥር ሌላ እጥፋት ይወርድብኛል። በመጨረሻ ሁለታችንም ከአቡጀዲው ሥር ሆንን። ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ፊቱ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም።

"አሁን ማን ያየናል?" አለኝ።

"ማንም" አልኩት።

ሳመኝ። እኔም ሳምኩት። ሲያልቅ ሁለታችንም ሳቅን፤ ወንድሜ ተመልሶ ሲመጣ ያገኘው የሚስቅ የአቡጀዲ ክምር ነው። ጨርቁን ገልጦ አየን። ወጥቶ በሩ ላይ ቆመና ጀርባውን ሰጥቶን በጣቱ መቃኑን ይደበድብ ጀመር፤ ማርሽ ነው የሚመታው።

ከሳምንት በኋላ ጥሩምባ ነፊዎቹ መታመም ጀመሩ።

በመጀመሪያ የወደቀው የነፊዎቹ አለቃ ነበር። ትኩሳት ያዘው፣ ጉሮሮው ነጭ ሆነ፣ ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ግራና ቀኝ አበጠ። ጆሮ ደግፍ ነው ተብሎ አመድ ተቀባ። ቀጥሎ ከእሱ ጥሩምባ የተቀበለው፤ ቀጥሎ ከእሱ የተቀበለው። አንዱን ምች መትቶታል ብለው ዳማከሴ ጨመቁለት። አንዱን እንጥሉ ወርዷል ብለው ሊያስቆርጡት ሲወስዱት፣ ደክሞት መንገድ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። እንቅልፉ ነበር ሰፈሩን ያሳሳቀው። እነዚያ ሲራመዱ መሬት የሚያንቀጠቅጡ ጎረምሶች በጠራራ ፀሐይ አጥር ተደግፈው፣ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ ተቀምጠው፣ አፋቸው ውስጥ እንጀራ ይዘው ይተኙ ነበር። አራዳ ደግሞ ስም ለማውጣት አይሰንፍም። "የነፊዎቹ ንፍፊት" አሉት። በማግስቱ ስሙ ገበያውን ዞረ።

እጮኛዬ በኅዳር መጀመሪያ ተኛ። ወንድሜ መጥቶ ነገረኝ።

"አንገቱ የለም" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው የለም?"

"ያ አንገት ጠፋ እልሻለሁ። ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ ትከሻው ላይ ነው የተቀመጠው።"

ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ እንደገና ሳቅኩ። እናቴ ግን ወሬውን ስትሰማ አልሳቀችም። ወሩ ኅዳር ነው። በዚያ በኅዳር በሽታ ጊዜ ሁለት እህቶቿን በአንድ ሳምንት የቀበረች ሴት ናት፤ ኅዳር ሲታጠን በየደጁ የሚጨሰውን ጭስ ባየች ቁጥር ፊቷ ይለወጣል። በዚያ ዓመት ቆሻሻውን ሁሉ ጠራርጋ፣ አሮጌውን ሰሌን እንኳ ሳትተው አቃጥላ፣ ግቢያችንን ጭስ በጭስ አደረገችው።

ሙሴም ፈርተው ኖሮ አንድ ግሪክ ሐኪም ጠሩ። ሐኪሙ ጠና ያሉ፣ ቦርጫም፣ ሰው ሲያዩ ቀድመው የሚስቁ ሰው ነበሩ። ወጣቶቹን ግቢው ውስጥ አሰልፈው አንገታቸውን፣ ብብታቸውን ዳበሱ፤ ከግራ ጎድናቸው ሥርም ጫን እያደረጉ ጣፊያቸውን አዩ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ከዚያ ወንድሜንና ሌሎቹን ከበሮ መቺዎች ጠሯቸው። ሁሉም እንደ ወይፈን ደህና ነበሩ።

"የሚነፋ ታሟል፣ የሚመታ አልታመመም" አሉ ሐኪሙ በዝግታ። "እንግዲህ በሽታው ጥሩምባው አፍ ላይ ነው። ከአፍ ወደ አፍ። በእኛ አገር የዕጢ ትኩሳት እንለዋለን፤ ወጣት ይወዳል። አይገድልም፤ ግን ያደክማል። እረፍት፣ ብዙ ውሃ፣ ለስላሳ ምግብ። ትግል የለም፣ ሩጫ የለም፣ በቅሎ መጋለብ የለም። ጣፊያ ሲያብጥ እንደ እንቁላል ነው፣ መመታት አይወድም።"

ከዚያ የጥሩምባዎቹ አፎች ሁሉ ተነቅለው በትልቅ ድስት ተቀቀሉ። ሙሴ እያማሰሉ፣ የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። አንዲት ጎረቤታችን "ሙሴ፣ የጥሩምባ ወጥ ሲደርስ ጥሩን" ብትላቸው፣ ማማሰያውን አንስተው "ጨው ጎድሎታል" አሏት። እናቴም ይህን ሰምታ ልቧ ተመለሰ። የሚገድል አይደለም፤ የሚይዘውም ጥሩምባ የሚነፋውን ነው። በቤታችን ጥሩምባ የሚነፋ የለም።

ያን ሰሞን እኔ ታመምኩ።

ሲጀምረኝ ደስ የሚል ነገር ነበር፣ እውነቴን ነው። ከሰዓት በኋላ ፊቴ ይሞቃል፣ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም፣ ሰው ሁሉ ያስቀኛል። አንድ የተከበሩ ባላባት ከፋይ ሊገዙ መጥተው ጢማቸውን ሳይ ሳቄ አመለጠኝና ባንኮኒው ሥር ገብቼ መርፌ የምፈልግ መሰልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ምራቄን ስውጥ እሾህ የምውጥ ያህል ሆነ። አንገቴ ላይ ግራና ቀኝ ባቄላ የሚያህሉ ነገሮች ወጡ፤ ከዚያ አንገቴ እንደ ቦካ ቡሆ አበጠ። የዓይኔ ቆብ ሳይቀር ተነፋ። ድካሙ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሻሼን ለማሰር ክንዴን ባነሳ፣ ክንዴን ለማውረድ ማረፍ ያስፈልገኛል። ጋደም ስል አልጋው የሚንሳፈፍ ይመስለኛል፤ ጣሪያው ላይ ያሉትን የቆርቆሮ ሸንተረሮች እያየሁ ብቻዬን እስቃለሁ።

እናቴ ሐኪሙን አስጠራች። መጡና አንገቴን ዳበሱ፣ ጉሮሮዬን አዩ፣ ጎድኔን ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ነጭ ጥርሳቸው ታየ።

"ይቺም ነፊ ናት" አሉ።

አባቴ እናቴን አዩ፣ እናቴ እኔን አየች፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ልጄ ጥሩምባ አትነፋም" አሉ አባቴ።

የሐኪሙ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ሰውዬው ሞኝ አልነበሩም፤ የእጮኛዬንም አንገት የዳበሰው ያው እጃቸው ነው። ኮፍያቸውን ፈለጉ። ይሄኔ ወንድሜ ከበሩ ላይ፣

"ትነፋለች" አለ።

"ምን?" አለች እናቴ።

"ጥሩምባ ትነፋለች። ሙሴ አንዳንዴ እንድወለውል እቤት ይሰጡኛል፤ እሷ ትወስድና ትነፋለች። በቀስታ ነው የምትነፋው፣ ለዚያ ነው ያልሰማሽው።"

"እንግዲያስ እንደዚያ ነው" አሉ ሐኪሙ ቶሎ ብለው፣ ወጡም። አባቴ ተከትለው ሸኟቸው። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አልቻልኩም።

"ትነፊያለሽ?" አለችኝ።

መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ፤ በዚያ ጉሮሮ ግን ምንም አልወጣም። ብቻ ሳቅኩ። ትኩሳቱ ነው።

"እሺ" አለች። "እንግዲህ ትነፊያለሽ ማለት ነው።" ወደ ወንድሜ ዞረች። "አንተ፣ አማትዋ ልትጠይቃት መምጣቷ አይቀርም። ያቺ ሴት እንደ እኔ ዝም ብላ አትሄድም። ልጅቷ ትንሽ እንደተሻላት ጥሩምባውን ታመጣለህ፤ በደንብ የተቀቀለውን።"

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ሁሉ የሚያስቁ ናቸው። ጾም ነበር፤ እናቴ የነፍስ አባታችንን ለምና ወተት አስፈቀደችልኝ። ወተቴን ጠጥቼ እተኛለሁ፣ ተነሥቼ እጠጣለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ። በመሃሉ ወንድሜ ይመጣና ትምህርት ይጀምራል። ራሱ ጆሮህ መጥፎ ተብሎ የተባረረ ልጅ እኔን ሊያስተምረኝ።

"ከንፈርሽን ግጠሚ። አይደለም፣ እንደ ተቆጣች አክስታችን አድርጊው። አሁን እንደ ንብ አድርጊ።"

እንደ ንብ ለማድረግ ስሞክር እንደ በግ ይወጣል። እሱ መሬት ላይ ይንከባለላል። እኔ ስስቅ ጎድኔን ያመኛል፣ "አታስቀኝ፣ ጣፊያዬ" እለዋለሁ፤ "ጣፊያዬ" የሚለው ቃል ራሱ ደግሞ በሳቅ ይገድለናል። እናቴ ከጓዳ "ምንድነው?" ስትል፣ "ትምህርት ነው" ይላል። ጥሩምባው ሲመጣ ድምፁ እንዳይሰማ በሰፊው ጫፉ ትራስ ጎስጉሰን ሞከርኩ። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነበር የወጣው። አንድ ቀን ግን፣ ሳላስበው፣ አንድ ድምፅ ወጣ። ክብ፣ ሞቅ ያለ፣ እውነተኛ ድምፅ። ወንድሜ ትራሱን ጎትቶ አወጣና "እንደገና" አለኝ፤ አሁን አይስቅም ነበር።

የእጮኛዬን ነገር የማውቀው በእሱ በኩል ነው። እሱም ወተት ይጠጣል፣ እሱም ይተኛል። ወርቅ ሊሠራ ተቀምጦ ወናፉን እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት፣ እሳቱ ጠፍቶ አገኙት። "ምን አለ?" ስለው፣ "አንገቷ እንዴት ነው አለ" ይለኛል። "በፊት የእሱ አንገት ነበር የሚበልጠው፣ አሁን የእኔ ይበልጣል በለው።" እንዲህ እንላላክ ነበር።

እናቱ የመጡት በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ቁመታቸው ረጅም፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ አዲስ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሴት ነበሩ። እናቴ ምንጣፍ አነጠፈች፣ አስቀመጠቻቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ሠርጉ ተጨዋወቱ። ከዚያ ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

"የእኔ ልጅ እንኳ ጥሩምባ ነፍቶ ነው" አሉ። "ሐኪሙ ነግሮኛል። የእናንተዋን ልጅ ምን አገኛት?"

"የእኛም ትነፋለች" አለች እናቴ፣ ትፈትላለች እንደማለት።

"ሴት ልጅ?"

"አባቷ ልጆቻቸውን በፈረንጅ ወግ ነው ያሳደጉት" አለች እናቴ። አባቴ ሱቅ ውስጥ ሆነው ሲሰሙ አንድ ነገር ወደቀባቸው።

"እንግዲያው ብሰማት ደስ ይለኛል" አሉ አማቴ።

ወንድሜ ጥሩምባውን አመጣ። ነጠላዬን እስከ ጆሮዬ ጠቅልዬ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ከንፈሬን እንደ ተቆጣች አክስታችን ገጠምኩና ነፋሁ። የመጀመሪያው የበግ ነበር። አማቴ ቅንድባቸውን አነሡ። ዓይኔን ጨፍኜ ደገምኩት። ይሄኛው ወጣ፣ ቀጥ ብሎ፣ ቤቱን ሞልቶ፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ ወንድሜ ያስተማረኝ የማርሹ መጀመሪያ ነው። ደጅ ላይ ሰው ቆመ። ከኋላ ካለው ግቢ የሙሴ ድምፅ፣ "ማነው ያ? ማነው ያ?" እያለ ሲመጣ ይሰማል። ወንድሜ አላስቻለውም፤ መሶቡን ገልብጦ ይመታ ጀመር።

ትንፋሼ ሲያልቅ አወረድኩት። ራሴ ዞሮብኝ ነበር፣ ደስታም ይዞኝ ነበር። አማቴ ጥሩምባውን አየት አድርገው፣

"ልጄ እንኳ እንዲህ አይነፋም" አሉ።

እናቴን አዩዋት። እናቴም አየቻቸው። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሲስቁ ነው። እናቴም የያዘችው ሳቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳባት። ሁለቱ ተቃቅፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስለ አቡጀዲው ያወቁት ነገር የለም፤ ማወቅም የፈለጉ አልመሰለኝም። ያወቁት በቅቷቸዋል። አማቴ ሊሄዱ ሲነሡ ግንባሬን ሳሙኝና፣ "ሠርጉን ግን አናዘግየው" አሏት እናቴን። "ማዘግየት ምን ያደርጋል" አለች እናቴ።

የቀረው ችግር በቅሎው ነበር። ሙሽራ በቅሎ ላይ ተቀምጣ ነው የምትሄደው፤ የእኔ በቅሎ እንኳ ኮርቻዋ ተመርጦ ነበር። ሐኪሙ ግን ከጥምቀት በኋላ መጥተው ጎድናችንን ነክተው፣ "ለእሷም ለእሱም ገና ነው። በእግር ይሂዱ" አሉ። ከአራዳ እሪ በከንቱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ግን እኔ ከአልጋ እስከ ደጅ ስሄድ የሚደክመኝ ሰው ነበርኩ። አባቴ ጋሪ ፈለጉ። ሠርጋችን በተቆረጠበት ቅዳሜ ሠርግ በዝቶ ጋሪው ሁሉ ተይዟል። የተገኘው የግሪኩ ዳቦ ጋጋሪ ጋሪ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ፉርኖ ዳቦ በየቤቱ የሚያድልበት። ጠርገው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ በከፋይ ሸፍነው አመጡት። ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ጋሪ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ለሙሽራውም በቅሎ ስለተከለከለ፣ ሁለታችንም አንድ ላይ ተቀመጥን። የሠርጉ ሽማግሌዎች ይህ ከየት የመጣ ወግ ነው ብለው ጉድ አሉ። አማቴ፣ "የሐኪም ትእዛዝ ነው" አሉና የሁሉንም አፍ ዘጉ።

ሙሴ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከፊት ተሰለፉ። ነፊዎቹ ግማሹ ገና አላገገመም፤ በአንገታቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመው፣ ሁለት ጊዜ ነፍተው አንድ ጊዜ ያዛጋሉ። መቺዎቹ ግን ሙሉ ናቸው። ስለዚህ የሠርጌ ማርሽ ከበሮ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወንድሜ መሃል ላይ ሆኖ እንደ ጀኔራል ያስጨፍራል።

ጋሪው ሃያ ክንድ እንደሄደ ቆመ። ባለጋሪው "ሂድ" አለው፤ ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። የቆመው በአንድ አርመን ቤት ደጅ ነው። በሩ ተከፈተና ሠራተኛይቱ ቅርጫት ይዛ ወጣች። ሙሽሮች አገኘች። ቅርጫቷን ጥላ እልል አለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ወጣ፣ መረቁን፤ ፈረሱም ሲረካ ተነሣ። ሠላሳ ክንድ ሄዶ በሌላ ደጅ ቆመ። ያኔ ነው የገባን፤ ፈረሱ ዳቦ እያደለ ነው።

"ስንት ደንበኛ አላችሁ?" አለ እጮኛዬ ባለጋሪውን።

"አይ ጌታዬ፣ ብዙ ናቸው" አለ ባለጋሪው እያፈረ። "ግን ሁሉም ደግ ሰው ነው።"

በየደጁ ቆምን። በየደጁ ቅርጫት ይወጣል፣ እልልታ ይቀጥላል። አንድ የየመን ሰው ሱቅ ፊት ስንቆም ተምር ጣሉብን፤ አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት እጃቸውን ጋሪው ውስጥ ሰደው ዳቦ ሲፈልጉ ጉልበቴን ጨበጡ። ከሠርግ ካባችን ሥር ሁለታችንም በሳቅ ተንፈራገጥን። ሳቅ ለጣፊያ መጥፎ ነው ብሎ የነገረን ሐኪም የለም። ሚዜዎቹ በእግር ሲከተሉ ደክሟቸው ተራ በተራ ጋሪው ላይ ተንጠለጠሉ። ነፊዎቹም መንገድ ዳር ድንጋይ ባገኙ ቁጥር ይቀመጣሉ፣ ሙሴ ተመልሰው ያስነሧቸዋል። ጸሐይዋ በረታች። የእሪ በከንቱን ቁልቁለት ስንጀምር እኔ ዓይኔን መግለጥ አልቻልኩም።

"ትንሽ ልተኛ" አልኩት።

"እኔም" አለኝ።

ስንደርስ ጭንቅላታችን ተደጋግፎ፣ አክሊላችን ተንጋዶ፣ ሁለታችንም እንቅልፍ ላይ ነበርን አሉ። ዘመድ አዝማድ ከበበን፣ ዘፋኞቹ ዝም ብለው ቆሙ፤ ሙሽሮችን መቀስቀስ ደግ ነው ወይስ መጥፎ ገድ ነው እያሉ ተከራከሩ። አማቴ መጥተው አዩን።

"ተዋቸው" አሉ። "ድግሱ የትም አይሄድም። ፈረሱን ብቻ ያዙልኝ፤ ጎረቤቴም ከግሪኩ ዳቦ ትገዛለች።"